የእትዬ ኦቨንና የባሌ እጅ

ባሌ የጠገነውን ኦቨን ለባለቤቱ ከማስረከቡ በፊት አንድ ጫማውን ያወልቃል። አንዱን ብቻ። ካልሲውንም ይጨምራል። ግራ እጁን የኋላ ኪሱ ውስጥ ይከትና ባዶ እግሩን ሲሚንቶው ላይ ተክሎ፣ የቀኝ እጁን ጀርባ ቀስ አድርጎ የኦቨኑ ቆርቆሮ ላይ ያሳርፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ሊጨፍር ነው ወይስ ሊጸልይ ብሎ ግራ ይገባዋል። እሱ ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። የሆነ ቦታ ኮረንቲ ቆርቆሮውን ነክቶት ከሆነ እጁን ነዘር አድርጎት በባዶ እግሩ ወደ መሬት ይወርዳል። ካልነዘረው ዐይኑን ይገልጥና "ደህና ናት" ይላል። በሰፈራችን ያቺን ቃል ሳይሰማ ኦቨኑን የሚረከብ ደንበኛ የለም።

ለምን በእጅህ ጀርባ ብለው ሲጠይቁት፣ በመዳፍ የነካ ሰው ኮረንቲው ጣቱን ጨምድዶ እዚያው ያስቀረዋል፣ በጀርባው የነካ ግን እጁ ራሱ ይሸሻል ይላል። ኮረንቲ ስትነካ መብራቷ የሚበራ ቴስተር የምትባል ካቻቢቴ አለች፣ ማንኛውም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደረት ኪሱ ላይ ይሰካታል። የኔ ሰውዬ ግን አይገዛም። ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ "መብራቷ ትቃጠላለች፣ እጅ ግን አይዋሽም" ብለውት ሞቱ። ከሞተ ሰው ጋር እንዴት ብዬ ልከራከር?

እኔ ፈሪ ነኝ። አፍሬም አላውቅ። አምፖል ሲቀየር ሌላ ክፍል ነው የምገባው፣ ዝናብ ከጀመረ ማብሪያ ማጥፊያ አልነካም። ጎረቤቶቼ የኮረንቲ ሠራተኛ ሚስት ሆነሽ ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ፈሪ ለእናቱ ይሉ የለ? እናቴ ሳታለቅስ ነው የሞተችው።

እትዬ የባሌ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር። ዳቦ እየጋገሩ እየሸጡ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጢሙ ሸብቶም እስከ ዛሬ "ማሙሽ" ይሉታል፣ እኔንም የልጆቼ ልጆች ሳይቀሩ እየሰሙ "ሙሽራዬ" ይሉኛል። ያን ጊዜ ይጋግሩበት የነበረው ኦቨን ዛሬም ያው ነው። ነጭ ቀለሙ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተላልጧል፣ በሩ እንደ ካዝና በር ከባድ ነው፣ ግድግዳው ላይ የሚሰካው ስፒናው ሁለት ጥርስ ብቻ ያለው የድሮ ነው፣ ያመለጠ ኮረንቲ ወደ አፈር የሚያወርደው፣ መሬት የሚባለው ሽቦ የለውም። የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ። እትዬ ግን አዲስ ግዢ ሲባሉ ይቆጣሉ። ሰፈሩ የሚበላው የዚያን ኦቨን ዳቦ ነው፣ እሳቸውም የሚኖሩት በሱ ነው።

አንድ ሳምንት ዳቦው ከላይ ቀልቶ ከታች ሊጥ ሆኖ ይወጣ ጀመር። የታችኛው የሚግለው ሽቦ፣ የኮረንቲ ሠራተኞች ሬዚስታንስ የሚሉት፣ ተበጥሶ ነበር። ባሌ ያልረገጠው ሱቅ የለም። ባለሱቆቹ የተቃጠለውን ቁራጭ አገላብጠው እያዩ ይሄ ሙዚየም ነው መግባት ያለበት እያሉ ይቀልዱበታል። አሁን የሚሸጠው ዘንግ የመሰለ፣ ቧንቧ ውስጥ የታሸገ ነው። የእትዬ ኦቨን የምትፈልገው እንደ ሞላ የተጠቀለለ ራቁት ሽቦ ነው፤ ቆርቆሮውን እንዳይነካ ነጫጭ የሸክላ ዶቃ እንደ አንገት ጌጥ የተሰካበት። እንዲህ ያለው ከየት ይመጣል? ማታ ማታ ባዶ እጁን ይመለሳል። እትዬ እኔን ያሳደጉበትን እቃ ሳልጠግን ምኑን ጠጋኝ ሆንኩ ይላል።

እኔ መፍራት የጀመርኩት በዚሁ መሃል ነው። መፍራትስ ሁልጊዜ እፈራለሁ፤ ይሄኛው ግን የሌላ ዓይነት ነበር። አንድ ጠዋት ከእሳት የወረደ ድስት ክዳኑን በባዶ እጁ አንስቶ እያወራኝ ቆመ። የምን ወሬ እንደነበር አላስታውስም፣ እጁን ብቻ ነበር የማየው። ክዳኑን ነጥቄ ስወረውረው "ምን ሆነሻል?" አለኝ። የኔ ጣት ለቅጽበት ነክቶት ውሃ ቋጠረ፣ እሱ ግን ጣቶቹ ቀልተው ወሬውን ቀጠለ።

ሌላ ቀን ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ደም ሆኖ አየሁ። ጫማውን ባራግፈው ከውስጡ ብሎን ዱብ አለ። ቀኑን ሙሉ ረግጦት ውሏል። ሐኪም ስኳር አለብህ ካለው ቆይቷል፤ ክኒኑን ሲያስታውስ ይውጣል፣ ካልሆነ ይተወዋል። ስኳር ደግሞ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፣ ለሱ ደግሞ እጅና እግሩ ባዳ ሆነውበታል።

ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቆዳዬ የሠራተኛ ቆዳ ነው፣ እንዳንቺ በቅባት የታሸ መሰለሽ አለ። ሐኪም ጋ እንሂድ ብዬ ስይዘው ግን ያ ቁጣ የማያውቅ ሰው ፊቱ ጠቆረ።

"እጄን ተዪልኝ" አለ። "ከሱ ሌላ ምን አለኝ?"

እሱም እንደሚፈራ ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለት ፈሪ ባንድ ቤት ሲሆን ደግሞ ጉድ ነው፣ አንዱ አንዱን አያጽናናም። ሐኪሙን ደግሜ አላነሳሁበትም። ማብሰያ ቤት ሲገባ ግን ዐይኔ ከእጁ ላይ አልነቀል አለ።

ከዚያ አንድ ቀን ፊቱ እየበራ መጣ። ከብረታ ብረት ለቃሚዎች ክምር ውስጥ የእትዬን ኦቨን እህት አግኝቷል፣ በሯ የወለቀ፣ ሆዷ የዛገ። ሽቦዋ ግን ደህና ነው። ዶቃዎቹንም ለቃቅሞ በኪሱ ሞልቶ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፎ እየፈተሸ ይሰካ ጀመር። አፈታተሹን አውቀዋለሁ። እያንዳንዷን ዶቃ በአውራ ጣቱ ጫፍ ዞር ዞር እያደረገ ይዳስሳታል፣ የፀጉር ታህል ስንጥቅ ካለባት ይጥላታል። ዐይን የማያየውን ጣት ያገኘዋል ይላል።

እኔ አጠገቡ ሽንኩርት እልጥ ነበር። አንዷ ዶቃ ከጣቱ አምልጣ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ባሌ አላወቀም። ባዶ ጣቶቹን እያፋተገ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የሌለችውን ዶቃ ይመረምራል። ጎንበስ ብዬ አንስቼ መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት ቀና ብሎ አላየኝም። ተቀበለኝና ሳይዳስሳት ሽቦው ላይ ሰካት።

እሑድ ጠዋት እትዬ ቤት ሄድን። ቅሪ ቢለኝም አልቀረሁም፣ ለእትዬ ሊጥ አቦካላቸዋለሁ አልኩት። እትዬ እንደ ልማዳቸው ማብሰያ ቤቱን አጥበው ጠብቀውናል፣ ሲሚንቶው ገና ውሃውን አልመጠጠም። እሳቸው ቤት ውስጥ ጫማ አያደርጉም። ባዶ እግራቸውን ውሃው ላይ ጭብ ጭብ እያሉ፣ ክንዳቸው ድረስ ሊጥ ሆነው፣ ማሙሽ ምን ልስጥህ፣ ማሙሽ ደከመህ እያሉ ይዞሩታል። እኔ ውሃውን አያለሁ፣ እግራቸውን አያለሁ፣ ስፒናውን አያለሁ።

ሽቦውን ከታች ዘርግቶ፣ ጫፍ ጫፉን በብሎን አሰረና ስፒናውን ሰካ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ሽቦው ጭስ ጭስ አለ፣ አቧራው መሰለኝ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ከዳር እስከ ዳር ቀላ። እትዬ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ አለኝ። የባሌን ፊት ያየ ሰው ደስ አይለኝም ማለት አይችልም።

ጫማውን አወለቀ። ካልሲውን አወለቀ። ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ዐይኑን ጨፍኖ የቀኝ እጁን ጀርባ ቆርቆሮው ላይ አሳረፈ። እንደ ሁልጊዜው አዳመጠ፣ እንደውም ከሁልጊዜው በላይ ቆየ። ከዚያ ዐይኑን ገለጠ።

"ደህና ናት።"

እትዬ እርጥብ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ኦቨኑ ሄዱ። የጠፋ ዘመድ የተገኘ ይመስል ሊያቅፉት ነው።

"እትዬ፣ አይንኩት" አልኩ።

ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። እትዬ ባሉበት ቆሙ። ባሌ አየኝ፤ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። በእህቱ ፊት፣ በእጁ ሥራ ላይ፣ ቃሉን አስተባበልኩበት። ደህና ናት አልኩ እኮ አለ ቀስ ብሎ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ከማለት በቀር ምን ይዤ ልሟገተው? ጫማዬን አወለቅኩ። አምፖል ስትፈራ የኖረች ሴት ነኝ። ግራ እጄን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና፣ እሱ ሲያደርግ እንዳየሁት፣ የእጄን ጀርባ አስጠጋሁ።

እስከ ክርኔ ነደፈኝ። እጄ ራሱ ተወርውሮ ደረቴን መታኝ።

"ይነዝራል" አልኩ።

"አይነዝርም" አለና መልሶ ነካው። በጀርባው ነካው፣ ከዚያ ሽማግሌው ያስተማሩትን ሁሉ ረስቶ በመዳፉ ነካው፣ እዚያው አስቀመጠው። እጁ ጠረጴዛ የተደገፈ ሰው እጅ ይመስል ነበር። ጣቶቹ ጫፋቸው ላይ ብቻ፣ እሱ ሳያዛቸው፣ ይርገበገባሉ። እትዬ ያን አዩ። ወደ ግድግዳው ሄደው፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ስፒናውን ነቀሉት።

እትዬ በርጩማ ላይ አስቀመጡት፣ ዐይንህን ጨፍን አሉት፣ ልጅ ሳለ የሚታዘዛቸውን ያህል ታዘዘ። የቀኝ እጁን ጭናቸው ላይ አድርገው ጣቶቹን አንድ በአንድ እየቆነጠጡ "ይሄስ?" ይሉታል። ዝም። "ይሄስ ማሙሽ?" ዝም። አራተኛው ላይ ሲደርሱ "አሁን ጀመሩ እንዴ?" አላቸው። እትዬ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፣ እንባቸው ሊጡ ላይ ወረደ።

ያለቅሳል ብዬ ጠበቅኩ፣ ወይ ይቆጣል። እሱ ግን ዐይኑን ገልጦ እጁን አየው፣ ከዚያ በሩን አየ። ቀለሙ ከፊቱ ሲሸሽ አየሁት።

"ከክረምቱ ወዲህ አንዴም ነዝሮኝ አያውቅም" አለ፣ "ስንቱን ደህና ናት ብያለሁ?"

እኔ የፈራሁት ለሱ ነበር፣ ለእትዬ ነበር። ይሄንን አላሰብኩትም። የልብስ ሰፊዋ ኦቨን፣ የጡረተኛው አስተማሪ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ኬክ የሚጋግሩባት፣ ኧረ ስንቷ። ሁሉም ያቺን ቃል ሰምተው፣ አምነው፣ በእርጥብ እጃቸው እየነኩ ነው። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ አላት፣ ያገኘውን ይዞ የሚቆም። ባሌ ተነስቶ ወጣ። እትዬ ተከተይው አሉኝ፣ እኔ ቀድሜ ጫማዬን እየፈለግኩ ነበር።

መንገዱ ጠጠር ነው። ከኋላው እየሮጥኩ ምን እንደማስብ ልንገራችሁ? ምንም። ልጁን ብቻ ነው የማየው፣ ትንንሽ መዳፎቹን። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ስንደርስ የሚጋገር ዳቦ ሸተተን። ኦቨኑ በርቷል ማለት ነው። ባሌ በሩን በቡጢ መታው። አልተከፈተም። ደግሞ መታው። ከውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ተሰማ፣ እኔ ግድግዳውን ያዝኩ።

በሩ ተከፈተ። ልጁን አዝላዋለች፤ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ያየናል፣ አገጩ ላይ ፍርፋሪ አለ። ከጀርባዬ ተንጠራርቶ ሰሃን ነው የሰበረው፣ ይሄ ባለጌ አለችን እየሳቀች። ከዚያ ፊታችንን አየችና ሳቋ ጠፋ። ባሌ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቀ። ይህን ቃል አንዴ ከተናገረ ሥራው እንዳበቃ ያውቃል፣ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ላግዘው አፌን ስከፍት በዐይኑ ከለከለኝ።

"ኦቨኑን ንቀዪው፣ እህቴ" አላት። "ደህና ናት ያልኩሽ በሞተ እጅ ነው።"

ለቅጽበት አልገባትም። ሲገባት ወደ ውስጥ ሮጠች። ስፒናው ሲነቀል ከበሩ ሆነን ሰማን። ባሌ ራሱን ነቀነቀና ቀጥሎ አስተማሪው ጋ ነው ብሎ ዞረ።

ደፉ ላይ ደም ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የአንድ እግር ዳና፣ ከነጣቶቹ። ከእትዬ ቤት ጀምሮ ያን ሁሉ ጠጠር አንድ ጫማ አድርጎ ነው የመጣው። ሁለተኛው ጫማና ካልሲው እዚያው ኦቨኑ ሥር ቀርተዋል። እሱ አላወቀም፣ ይኸው አሁንም ፈጠን ፈጠን እያለ እየሄደ ነው። ስሙን ጠርቼ ላስቆመው አሰብኩ። ከቆመ እግሩን ያያል፣ እግሩን ካየ ደግሞ ይቀመጣል፣ አስተማሪው ምሳቸውን የሚያሞቁበት ሰዓት ደርሷል።

የራሴን ነጠላ ጫማ አውልቄ ሮጬ ደረስኩበትና "ና፣ ይሄን አድርግ" አልኩት። እግሩን አየው። እኔን አየኝ። እንደ ሕፃን እግሩን አነሳልኝ፣ አጠለቅኩለት፣ እጁን ይዤው ሄድን። አጥብቄ ነው የያዝኩት። ይሰማው አይሰማው አላውቅም።