አንደኛ ያወጣቻቸውን ያባረሩ ሰዎች

ማክሰኞ ጠዋት ከላምበረት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አዲስ አበባ የምሠራበት የሹራብ ፋብሪካ ነው የላከኝ። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ሹራብ ፋብሪካ በአሠራር ፈጠራ ከዘርፉ አንደኛ ወጥቶ ዋንጫ ወስዷል፤ ምስጢሩን ቀድቼ እንድመጣ። የአሠራር ማሻሻያ ኃላፊ ነኝ፤ ቤቴ ግን የካልሲዬን ጥንድ አግኝቼ አላውቅም።

ጫጫ ላይ ጭኮ ገዝቼ ስበላ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቦርጬን አየና «ጋሼ፣ ለእኔም ትንሽ ወንበር ይተዉልኝ» አለኝ።

ደብረ ብርሃን፣ 3 ሰዓት ተኩል

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሥራ አስኪያጁ ዋንጫውን ካሳየኝ በኋላ ምስጢሩን ነገረኝ፦ በጠዋቱ ብርድ ቀጭኑ ክር እየተበጠሰ ማሽን ያስቆም ነበር። አሁን ጠዋት ወፍራሙን፣ ፀሐይ ሞቅ ስታደርግ ቀጭኑን ይሠራሉ። በቃ!

«ማን አሰበው?»

«ማኔጅመንቱ» አለ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ።

ስወጣ የበሩ ጥበቃ ጠጋ አለኝ። «ጋሼ፣ ያንን አሠራር ያሰበችው የማሽን ሠራተኛዋ አስካለ ናት። የአንኮበር ልጅ፣ ሱፍ ስትፈትል ያደገች። ያለ ትእዛዝ ቅደም ተከተል ለወጠች ብለው አባረሯት። ሳምንት ሳይሞላ የሷኑ አሠራር ግድግዳ ላይ ለጠፉት። አሁን አንኮበር፣ ጎረቤላ ቤቷ ገብታለች።»

ደሜ ፈላ። በጉም ውስጥ ወደ አንኮበር የሚሄድ መኪና ያዝኩ።

ጎረቤላ፣ 8 ሰዓት

አስካለን በሯ ላይ እንዝርት ስታሾር አገኘኋት።

«ዋንጫ ወሰዱ አሉ?»

«ወሰዱ።»

«እኔም የስንብት ደብዳቤዬን ወሰድኩ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

«ብትመለሺስ፣ እህቴ?»

«እንዴታ! ማሽኔን እወደዋለሁ። ደግሞ ክረምት ሲገባ ክሩ እርጥበት ይጠጣል፣ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። እሱን ሳልነግራቸው እኮ ነው ያባረሩኝ።»

ረቡዕ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን

«ይመልሷት!» አልኩት ሥራ አስኪያጁን።

«ሁሉም እንደሷ ልለውጥ ካለ ዲሲፕሊን የት አለ?»

«ክረምት ገብቶ ክሩ ሲረጥብስ?»

«ኮሚቴ እናቋቁማለን።»

ጮህኩበት። ስናደድ ድምፄ እንደ ጫጩት ይቀጥናል፤ ጸሐፊዋ አፏን ይዛ ወጣች።

ሐሙስ፣ አዲስ አበባ

ሪፖርቴ አንድ መስመር ነው፦ «ምስጢሩ አስካለ ናት፤ እንቅጠራት።» አለቃዬ እስክሪብቶ አንስቶ ስሟን ሰረዘ። «አሠራሩ ይበቃናል» አለ። አስካለ ያው ጎረቤላ ቀረች።

በንዴት ወደ ማሽኖቹ ወረድኩ። እዚያ የተለጠፈውን ቅደም ተከተል ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንድም ሠራተኛ ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ግን «እናንተ ብትሆኑ መጀመሪያ ምን ትለውጣላችሁ?» አልኩ።

አንዷ ከማሽኗ ቀና ሳትል «እርስዎን» አለችኝ።