ጌትዌዩና የዘበኛው መሐላ

የኮሌጃችንን የኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ጌትዌይ፣ ማለትም ኢንተርኔቱ ሁሉ የሚያልፍበትን ሳጥን፣ ከደሴ ሆኜ የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንዱ በብሮውዘር የሚከፈት፣ ሥዕል የሞላበት ገጽ ነው፤ የኮሌጁ ዲን የሚወዱት እሱን ነበር። ሌላው ትእዛዝ በፊደል የሚጻፍበት ጥቁር ስክሪን ነው። በዚያ ቀርፋፋ መስመር ገጹ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ሲቆም፣ ጥቁሩ ስክሪን እሺ ይለኛል።

ሳጥኑን የተከልኩት በገዛ እጄ ነው። ዲኑ ግን ኢንተርኔቱ አንዴ ደግሞ ከተቋረጠ ሥራውን ለአዲስ አበባ ሰዎች እንደሚሰጡት ነግረውኛል። በቁሜ አይደረግም ብዬ ነበር።

ያስቸገረኝ ሶኬቱ ነው። የቅርንጫፉ ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሙስሊም አባት፣ ሬዲዮናቸውን ለመሰካት ጌትዌዩን ይነቅሉታል። አንድ ቀን አስማልኳቸው። እኛ ጴንጤዎች ቤት መማል ነውር ነው፤ ሌላ ሰው ማስማል ግን አልተከለከለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። “ወላሂ፣ ካንቺ በቀር ማንም አይነካውም” አሉ።

በምዝገባ ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ዲኑን ደስ ይበላቸው ብዬ በገጹ በኩል አንድ የኔትወርክ አድራሻ ቀየርኩ። ቁጥሩን አሳስቼው ኖሮ ጌትዌዩ እኔኑ ውጭ አስቀርቶ ተዘጋ። ገጹም ጥቁሩ ስክሪንም ጭጭ አሉ። ኮምቦልቻ ላይ ምዝገባው ቆመ። ደግነቱ ለውጡን “አስቀምጥ” አላልኩትም፤ አንዴ ተነቅሎ ቢሰካ ስህተቱን ረስቶ ወደ ድሮው ይመለሳል። ሌላ ቀን በሆነ ባልሆነው የሚጠፋው የኮምቦልቻ መብራት ደግሞ የዚያን ዕለት አልጠፋም አለ።

ለዘበኛው ደውዬ ንቀሉልኝ ብዬ ለመንኩ። በስልክ መሐላ አይፈርስም፣ ነይና ራስሽ ንቀይው አሉኝ። ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጠመዝማዛውን ቁልቁለት እስክንጨርስ ድረስ በሆዴ ዘበኛውን ያልተናገርኳቸው ነገር የለም። ቢሆንም በእግሬም ቢሆን ደርሼ አስተካክለዋለሁ እንጂ ሳጥኔን አላስረክብም።

ስደርስ ሁለት ሰዎች አዲስ ሳጥን ታቅፈው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ዘበኛው ጌትዌዩ ካለበት ክፍል ደጃፍ ወንበራቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘግተዋል።

“ከአዲስ አበባ መጥተው ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ያረፉ ናቸው፤ የላኳቸው ዲኑ ናቸው። ደውለውም ይንቀሉት ብለው አዘዙኝ” አሉ። “ወላሂ ብያለሁ፣ እሷ ሳትመጣ አይነካም አልኳቸው። አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ።”

አፈርኩም፣ ደስም አለኝ። ገብቼ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። መብራቶቹ አንድ በአንድ በሩ። ጥቁሩን ስክሪን ከፍቼ ትክክለኛውን አድራሻ ጻፍኩና አስቀምጥ አልኩት። ምዝገባው ቀጠለ፤ ሰዎቹም አዲሱን ሳጥን እንደታቀፉ ሄዱ።

ዘበኛው ሬዲዮናቸውን አየት አድርገው “እንግዲህ መጥተሻል፣ መሐላዬን አትፈቺልኝም?” አሉኝ።

“አይፈታም፣ አባባ” አልኳቸው። “ለሬዲዮዎ የሶኬት ማከፋፈያ ገዝቼ አመጣለሁ።”