ፀሐይ የማትወድ መኪና

ደበሌ በጃንሆይ ዘመን ከቡታጅራ እንሴኖ ሰውና እህል የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ስለ መኪና ከተነሣ አፉ አይያዝም፤ ሴት ልጅ ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይተሳሰራል። እናቱ «አግባ» ብላ ለምና ለምናው ተስፋ ቆርጣለች።

የሚነዳት ጀርባዋ ሸራ የለበሰ አሮጌ መኪና የነጋዴው የከማሉ ንብረት ነበረች። ጠባይዋ ግራ ያጋባል። ክረምቱን ጭቃ ለጭቃ ስትዋኝ ትከርማለች፤ መንገዱ ደርቆ ፀሐይ ሲበረታ ግን እንሴኖ መግቢያ ላይ፣ አደይ ደጅ ስትደርስ ቀጥ ትላለች።

አደይ የእንሰት ቃጫ እየገመደች ገበያ የምታወጣ ልጅ ናት። መኪናዋ መጀመሪያ ደጇ ላይ የቆመች ቀን የቤንዚኑን ፓምፕ ሽቦ የሚይዘው ብሎን ወድቆ ነበር። ደበሌ ሽቦውን ይዞ ሲታገል አይታ ቃጫ አመጣችለት። ሽቦው ከእጁ ሲያመልጥ ጊዜ «ወዲህ በል እስቲ!» ብላ፣ ጎንበስ ብላ ራሷ ሽቦውን ከመኪናዋ ብረት ጋር ቋጠረችው።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ በቆመች ቁጥር አደይ በቅል ውሃ ይዛ ትወጣለች። ደበሌ «ፓምፑ ግሎ ነው» ስላለ ውሃውን ፓምፑ ላይ ታፈስበታለች። ጥቂት ቆይቶ ቁልፉ ሲዞር ፓምፑ ጠቅ ጠቅ ማለት ይጀምራል፤ ተሳፋሪውም «ጠጥታ ረካች!» እያለ ይስቃል።

ለደበሌ ግን ያቺ ጥቂት ቆይታ የሕይወቱ ጣዕም ነበረች። አቧራው ብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ፣ የእንሰቱ ቅጠል ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ፣ አደይ ቅሏን ታቅፋ ስታየው ዓለም ሁሉ ፀጥ ይልበታል። ከአፉ የሚወጣው ግን የፓምፑ ነገር ብቻ ነው። ቡታጅራ ተመልሶ ጋደም ሲል መንገዱ ውሃ ሆኖ፣ መኪናዋ ያለ ድምፅ ስትፈስበት ይታየዋል፤ መጨረሻው ምንጊዜም የአደይ ደጅ ነው።

አንድ ቀን ከማሉ መረረው። «ወላሂ ደበሌ፣ ተሳፋሪ ሸሸኝ። ወይ አብጃት፣ ወይ ቁልፉን መልስልኝ።»

ደበሌ በጠራራው ፀሐይ ከሥሯ ገብቶ ተጋደመ። ሁለት ሽቦ ያስረዘመለትን አምፖል ይዟል። አንዱን ጫፍ ከባትሪ በሚመጣው ሽቦ፣ ሌላውን በመኪናዋ ብረት ላይ ሲያስነካ አምፖሉ በራ። ኃይሉ እፓምፑ ድረስ ይመጣል ማለት ነው። ሁለተኛውን ጫፍ ወደ ፓምፑ አካል ሲያዞረው ጨለመ፤ እንግዲያ የጠፋው ኃይሉ ከፓምፑ ወደ መኪናዋ ብረት የሚመለስበት መንገድ ነው። የመመለሻውን ሽቦ በጣቱ እየዳሰሰ ሄዶ የአደይ ቋጠሮ ላይ ደረሰ። ቃጫው በፀሐይ ደርቆ ላልቷል፤ ሽቦው ከብረቱ ተላቅቋል። ውሃ ጠብ ሲያደርግበት ቃጫው አበጠ፣ ቋጠሮው ጠበቀ፣ አምፖሉም በራ።

ፓምፑ ለካ ግሎ አያውቅም። አደይ ያን ሁሉ ጊዜ ውሃ ስታጠጣ የኖረችው የገዛ ቋጠሮዋን ነበር።

ሌላ ሾፌር ቢሆን በደስታ በዘለለ። የኛ ሰው ግን ከመኪናዋ ሥር ሳይወጣ ያሰላስል ጀመር። በብሎን ካሰረው መኪናዋ አትቆምም፤ መኪናዋ ካልቆመች ደግሞ ምን ብሎ አደይ ደጅ ይቆማል? ቢሆንም ቃጫውን ፈታ፣ በቦታው ብሎን አጠበቀ፣ ቃጫውን ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ መኪናዋ ግን እየዘፈነች እንሴኖ መግቢያ ደረሰች። አደይ ድምፁን ሰምታ ቅሏን ይዛ ወጥታለች። ደበሌ አለፋት። ቅሉን ቀስ ብላ ዝቅ ስታደርገው በመስታወቱ አያትና ፍሬኑን ረገጠው።

«ደግሞ ጀመራት!» አለ ተሳፋሪው።

አደይ ሮጣ ደርሳ ወደ ፓምፑ ጎንበስ ልትል ስትል ደበሌ ወረደ።

«ዛሬስ ምን ሆነች?» አለችው።

«እሷስ ደህና ናት» አለ፤ ምላሱ ያን ቀን ተፈታለት። ቃጫውን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። «የቆምኩት እኔ ነኝ።»

አደይ ቋጠሮዋን አወቀችው። ያልጠፋውን ሞተር ጥቂት አዳመጠችና ቅሏን በሁለት እጇ አንሥታ ዘረጋችለት።

«እንግዲያ አንተ ጠጣ።»