ከቀርከሃው አጥር ማዶ

አያቴ ለአረፋ ሁለት ፍየል ይገዙ ነበር። አንዱን ራሳቸው ያርዳሉ፤ ሁለተኛውን ከነነፍሱ እየጎተቱ ለጎረቤታችን ለመምህሩ ይወስዱለታል። መምህሩ ክልሉ ሲቋቋም ከወለጋ ተመድቦ አሶሳ የመጣ ክርስቲያን ነው፤ እስላም ያረደውን አይበላም። "ጎረቤቴ የማይበላውን ልኬለት ሰደቃ አወጣሁ ልበል?" ይሉ ነበር አያቴ።

ፍየሉን ሰጥተው ግን ቶሎ አይመለሱም። ከቀርከሃው አጥር ውጭ ፊታቸውን አዙረው ይቆማሉ። መምህሩ ቢላዋውን አንሥቶ "በስመ አብ" ሲል፣ ከማዶ "አላህ ይቀበልህ፣ ልጄ!" ይሉታል። "አሜን፣ አባባ!" ይላል። ከዚያ ያርዳል።

ዘንድሮ፣ ያለ እሳቸው በመጣው አረፋ፣ የገዛነውን አንድ ፍየል ወደ መምህሩ የወሰድኩት እኔ ነኝ። መምህሩ ገመዱን ተቀበለኝ። እኔም እሳቸው ይቆሙበት ከነበረው ቦታ ቆምኩ።

"በስመ አብ" አለና ዝም አለ።

እየጠበቀ ነበር። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ብቻ ነው። ቆይቶ በሩን ከፈተና ገመዱን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠ።

"ውሰጂው፣ እህቴ። እጄ እንቢ አለኝ።"

አያቴ፣ ምን ላድርግ? ፍየሉ ይኸው ደጃችን ታስሮ ይጮኻል። ከዚህም ከዚያም ቤት የሚያርደው ጠፋ።