እናቴ ፈረሰኛ የበላችበት ገና

የልጅ ልጄ ለገና ብላ ከባሕር ዳር ይዛው የመጣችውን ዶሮ ከላስቲኩ አውጥታ ሳፋ ላይ ስትዘረግፈው አሥራ አንድ ታፋ ቆጠርሁና "ይች ዶሮ ስንት እግር ነበራት?" ብዬ ጠየቅኋት። ልጅቱ ሳቀች፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። ፈረሰኛው የለ፣ አንገቱ የለ፣ ጀርባው የለ። ሁሉም ሰው ታፋ ከደረሰው በምን ይሟገታል? ድስቱ ውስጥ ሽንኩርቱ መቁላላት ሲጀምርና ሽታው ዓይኔን ሲቆጠቁጠኝ፣ ሳፋውን ትቼ በሐሳብ ወደ አባቴ ቤት ሄድሁ።

ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ በቁሐር ሚካኤል በኩል፣ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ እንደ ደሴት የሚከበው ጉብታ ላይ ነበር። መስከረም ላይ ውሃው ይሸሻል፣ በእርጥቡ ጥቁር አፈር ላይ ሽምብራው ይዘራል፣ ገና ሲደርስም ሜዳው ዓይን እስኪታክት ድረስ አረንጓዴ ይሆናል። በአምሳዎቹ ውስጥ፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ግን፣ ውሃው በጊዜው አልሸሽ አለ። ጤፋችን በቁሙ በሰበሰ፣ ከጥማዱም አንዱ በሬ ሞተብን፤ አባቴም በየገናው ከጎረቤት ጋር ከሚገባበት የበሬ ቅርጫ ወጣ። "ዘንድሮ የእኔን መደብ አትቁጠሩ" ብሎ ለጎረቤታችን ለአያ ተገኝ ሲነግረው በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።

እናቴ ደግሞ በዓል ታስቦበት የሚመጣ ነገር ነው ባይ ነበረች። ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰበሰበችንና "ሥጋ የለም ብሎ የሚያኮርፍ ካለ አሁኑኑ አኩርፎ ይጨርስ፤ ከዚያ በኋላ ሥራ አለብን" አለች። ታላላቅ ወንድሞቼ ለገና ጨዋታ የሚሆን ቆልማማ ዱላ ፈልገው እንዲጠርቡ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ቄጠማ አጭደን ቤቱን እንድንጎዘጉዝና እሸት ሽምብራ እንድንለቅም፣ የሦስት ዓመቱ ወንድማችንም ከጥቁሩ ጭቃ በሬ እየሠራ ደጃፉን እንዲሞላው አዘዘች። የሽምብራው ቅጠል ጣት ላይ ኮምጠጥ፣ ጨው ጨው የሚል ነገር ይተዋል፤ እኔና እህቴ እሱን ስንልስ ውለን ምሽት ላይ ምላሳችን ተልጦ እንገባ ነበር። ትንሹ ወንድሜ የሠራው በሬ አምስት እግር ነበረው፤ አባቴ ግን ዞሮ ዞሮ ካየው በኋላ "ይኸስ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይደክም ያርሳል" ብሎ አደነቀለት። ከሰፈራችን ሁሉ ቀድሞ በዓል የገባው እኛ ቤት ይመስለኝ ነበር። ለመፈሰኪያ የነበረን ግን አንድ አውራ ዶሮ ብቻ ነው።

የገና ዕለት ጧት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን አያ ተገኝ መጣ። አባቴ ሥጋ ሲመድብ ዓይኑ ሚዛን ነው ይባል ስለነበር፣ ድርሻ ባይኖረውም መጥቶ መደቡን እንዲያስተካክልላቸው ለመነው። አባቴ ሄደ፤ እኔም ተከተልሁት፣ ዕጣ የምጥለው እኔ ነበርሁና። ሥጋው ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይቀመጣል፤ ባለድርሻዎቹ አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ክር ያዋጣሉ፤ የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ደግሞ በየመደቡ ላይ ይጥልላቸዋል። የወደቀለትን ይዞ መሄድ ነው፤ ማጉረምረም ነውር ነው።

ጥዬ ስጨርስ አያ ተገኝ ከራሱ መደብ አንድ ሙዳ ቆርጦ ለአባቴ ዘረጋለት።

"እንካ ካሴ፣ ለልጆቹ።"

"እግዜር ይስጥልኝ፤ ያለ ዕጣዬ አልበላም" አለና አባቴ እጁን በሣር ጠረገ።

እጄ ሥጋ ሥጋ እየሸተተኝ ወደ ቤት ስመለስ ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድሁ ግን አላውቅም።

ቤት ስንደርስ ወጡ ቀረበ። የዶሮ ብልት በእኛ ቤት ባለቤቱ የታወቀ ነበር፤ ፈረሰኛው የአባወራው፣ ታፋው የወንዶቹ፣ ክንፉ የእኔና የእህቴ፣ አንገቱ የእናቴ። "እኔ አንገት ነው የምወድ" ትል ነበር ሁልጊዜ፤ እኛም አምነን ተቀብለናል። እናቴ ፈረሰኛውን ወደ አባቴ ስታስጠጋ ግን አላስችለኝ አለ።

"ዕጣ ይጣል!" አልሁ።

"ምን አልሽ አንቺ?" አለ አባቴ።

"አባባ፣ ያለ ዕጣዬ አልበላም ብለው የለ? ይኸ ፈረሰኛ በየትኛው ዕጣ ነው ለእርስዎ የወጣ?"

"ይችን ልጅ ጅብ ይብላት!" አለ ታላቅ ወንድሜ፣ ዓይኑን ታፋው ላይ እንደተከለ። እናቴ "አፍሽን!" ብላ እጇን አነሳች። የአባቴ እናት ግን ከምትቀመጥበት የጭቃ መደብ ላይ ሆና ሳቀች፦ "ተዋት፤ ለገና ቀን ቁጣ አይሆንም። እኔ እንደሆነ ጥርስ የለኝ፣ ምን ይቀርብኛል?"

አባቴ ፈረሰኛውን ወደ መሐል መለሰው። ከዚያም "ልክ ናት፤ ዕጣ አምጡ" አለ።

እውነቱን ለመናገር ስለ ፍርድ ብዬ አልነበረም፤ ፈረሰኛውን ፈልጌ ነው። አባቴ እሾህ፣ እናቴ ጥጥ፣ አያቴ ባቄላ፣ ሁለቱ ወንድሞቼ ከዱላቸው አንዱ ፍቅፋቂ አንዱ ልጣጭ፣ እህቴ ቄጠማ፣ እኔ ሽምብራ አዋጣን። ለትንሹ ወንድሜም አባቴ ጠጠር መረጠለትና ጣይ ሆነ፤ ባቄላውን ሊበላው ሲል አስጣልነው። ስምንት ብልት ተደርድሮ፣ የቀረው አራቱ ለእንግዳ ድስት ውስጥ ቆየ።

እሾሁ ክንፍ ላይ ወደቀ። ሽምብራዬ አንገት ላይ። ጥጡ ፈረሰኛው ላይ።

እናቴ እንደሰረቀ ሰው ደነገጠች። ፈረሰኛውን ለአባቴ ዘረጋችለት፤ እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። "እንኪ እንግዲህ አንቺ ብይው፣ ያንቺ ነገር ነው" ብላ ወደ እኔ አዞረችው። ምራቄ አፌን ሞላው። ዐሥር ጊዜ እሺ ልል ቃጣኝ።

"ዕጣ አይመለስም" አልኋት፤ እንባዬም መጣ።

"ብይ እንጂ" አላት አባቴ፣ ክንፉን እየጋጠ።

ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ፣ ጀርባዋን ሰጥታን በላችው። እኔ ደግሞ አንገቱን አዙሬ አዙሬ ብግጠው የሚበላ ነገር አጣሁበት። ያን ጊዜ ቀና ብዬ አየኋት። በዘጠኝ ዓመቴ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለካ እየሳቀች ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ለገና ያለ ዕጣ ፈረሰኛ የበላ የለም። ከስምንታችን እኔና ያ ዕጣ ጣይ ወንድሜ ብቻ ቀርተናል፤ እሱም ዛሬ ከእኔ በላይ ሸብቷል። ዘንድሮ ልጆቹን ሰብስቤ አንድ ሙሉ ዶሮ ከገበያ እንዲያመጡ፣ እያንዳንዳቸውም የዕጣ ዕቃቸውን ከወዲሁ እንዲፈልጉ አዝዣለሁ፤ ትንሿ ልጅ የልብስ ቁልፍ ይዛ መጥታ "ይሆናል ወይ እማማ?" አለችኝ። ይሆናል አልኋት።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ገና ኖራለች፤ ፈረሰኛው ግን ዳግመኛ አልወጣላትም። እኛ ስንቆጭላት እሷ እየሳቀች "እኔ የበላሁትን በልቻለሁ" ትለን ነበር። ዛሬ ብትኖር ሁሉን በሰጥኋት፤ ዕጣም ባልጠየቅኋት።