የገዛ እህትን ፅንስ መለካት

«እሜቴ ሜትር» ነው የሚሏት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ልጅ እምቢ ያላቸው ባልና ሚስቶች በሚታከሙበት ክሊኒክ፣ በማይክሮስኮፕ ፅንስ ስትለካ ኖራለች። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት፣ «አንዱ ሕዋስ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ይከፈላል። ዳቦ ሲቆረስ ቁራሹ እንደሚያንስ ነው። መሃሉ ያለው አስኳልም አብሮ መጥበብ አለበት። ቤቱ ጠቦ ዕቃው አልጠብ ካለ ነገር ተበላሽቷል» ትላለች። እንዲህ ያለው ፅንስ ማህፀን አይገባም፤ ይጣላል።

የክሊኒኩ ሕግ የሥጋ ዘመዳችሁን ፅንስ አትንኩ ይላል። እሷ ግን፣ «ከእኔ በላይ ማን ይጠነቀቅለታል?» ብላ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ የገዛ ታናሽ እህቷን አላውቃትም አለች! እህትየዋ ስምንት ዓመት ተመላልሳ የቀራት ያ አንድ ፅንስ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለካችው። ሕዋሱ አንሷል። አስኳሉ ግን ጭራሽ ከትናንቱ ገዝፏል። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው እንግዲህ! እህቷ ኮሪደሩ ላይ ተራዋን እየጠበቀች ነው፤ ሳቋ እስከ ውስጥ ይሰማል። ምን ብላ ትንገራት?

ሐኪሙ ገባ። «እህ፣ ምን አገኘሽ?»

«ይጣል» ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ዶክተር፣ የእህቴ ነው። ዋሽቼዎታለሁ። የገዛ እጄን አላምነውም፣ እባክዎ እርስዎ ይለኩት።»

ፊቱን አጨፈገገና ጎንበስ አለ። ራሱ ለካና የጻፈችውን ቁጥር አመሳከረ።

«ሕዋሱን በትንሹ ሌንስ ለካሽ» አላት ቀና ብሎ። «ከዚያ አስኳሉን አጉልተሽ ልታዪ እጥፍ የሚያጎላውን ትልቁን ሌንስ አዞርሽ። ቁጥሩን ግን ለሁለት ሳታካፍዪ ጻፍሽው። ጀማሪ እንኳ እንዲህ አይሳሳትም! አስኳሉ እንደ ቤቱ ጠቧል፤ ደህና ነው። አንቺን ግን ከሰዓት እንነጋገራለን።»

ከሥራ መባረሩ ትዝም አላላት። «ይጣል» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ቀርታት እንደነበር ነው የምታስበው። ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እህቷ ፊቷን አየችና ሳቋ ጠፋ፤ ራሷን ይዛ «ወየው ልጄን!» ብላ ጮኸች።

«ኧረ ዝም በይ፣ ደህና ነው!» አለች እሜቴ ሜትር፣ እሷም እየጮኸች። «ልገድለው የነበርኩት እኔ ነኝ።»