ሮበሌ ለኦርጋኑ የሰጠው ምት

ድራመሩ ሮበሌ የላፍቶ ሰው ነው። ሳሪስ አንድ ሆቴል ውስጥ እየመታ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ለሰርግ እየዞረ ከሚስቱ ከማናዬ ጋር ልጆች አሳድጓል። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ግን ይህ ወፍራም ሰውዬ የሚፈራው ነገር መጣበት፤ የደገፋ ኦርጋን!

ደገፋ የሆቴሉን ባንድ ጥሎ ከዘፋኟ ከማርቲ ጋር "ሁለታችን ባንድ ነን" ሲል ያልሳቀ አልነበረም። ካሴታቸው ሲወጣ ከተማው አበደ። እውነቱ ይነገርና ሮበሌም አብዷል፤ ክሩ እስኪበጠስ ነው የሰማው። በሁለተኛው ካሴት ግን ጊታሩም ጥሩምባውም የማሽን ሆነ። "ኧረ ይሄን ሰው ምን ነካው?" እያለ ይናደዳል፣ እየተናደደም ያዳምጣል። ጥሩምባ ነፊ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሥራ ፈተው ቤት ዋሉ።

እሱን ያተረፈው ችክችካ ነው። ያ ከውጭ የመጣ ኦርጋን ዲስኮውንም ሬጌውንም ይመታል፤ ችክችካ ግን አልተሞላለትም። ያለ ችክችካ ደግሞ የትኛው ሚዜ እስክስታ ይወርዳል? ስለዚህ ሰርግ ላይ ደገፋ ሮበሌን መጥራቱ ግድ ነበር።

አንድ ቀን መካኒሳ ቤቱ ጠራው። "ሮቤ፣ ወንድሜ፣ ችክችካህን እዚህ ቁልፎች ላይ ምታልኝ፤ ማሽኑ ይይዘዋል። አንተ ካልተመቸህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።"

ሮበሌ ነገሩን አሰላው። እምቢ ቢል ሌላው ይመታል፤ እሺ ቢል በገዛ እጁ እንጀራውን መዝጋቱ ነው። መጨረሻ ላይ ተንኮል አሰበ፤ አበላሽቶ ሊመታለት።

ጀመረ። ምቱን ሆን ብሎ አስነከሰው። እዚያው የነበረችው ማርቲ በላዩ ላይ ልትዘፍን ሞከረች፣ ተደናቀፈች፣ ደግማ ሞከረችና አየችው። "ሮቤ፣ አሞሃል እንዴ?"

አይ ሮበሌ! ስድብ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ማርቲ ያንን ድምፅ እንደገና ስታነሳ እጁ ከዳው፤ ማስነከሱን ረሳና በዕድሜው መትቶ የማያውቀውን ችክችካ መታ። ደስ አለው ደግሞ፣ አያፍርም! ከዚያ ደገፋ አንዲት ቁልፍ ነካ። ሮበሌ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ምቱ ግን ይቀጥላል። አይደክመው፣ ውሃ አይጠይቅ። ሮበሌ ጀርባው ላይ ያለው ላብ ሲበርደው ተሰማው። ለማናዬ ግን ትንፍሽ አላለም።

የጎረቤታቸው ሰርግ ደረሰ። ማናዬ በጠዋት ለሥራ እርዳታ ሄደች፤ ሮበሌ የሚጠራው ሰው ቢጠብቅ ማንም ዝር አላለም። ቤት መቀመጥ ሲያቅተው ሄዶ ከድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ከውስጥ ሞንታርቦው የእሱን ችክችካ ይለቀዋል፤ ሰዉ በላብ ተጠምቋል፤ ደገፋና ማርቲ ብቻቸውን መድረኩ ላይ ናቸው።

ማናዬ ጭልፋዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣችና ሳታየው ከፊቱ ቆመች። ሰዉ መድረኩን ጋርዶባታል። እልል አለች።

"እሰይ የኔ ባል! አልጠሩትም ብዬ እኮ ስጨነቅ ነው የከረምኩት" አለች ለሴቶቹ። "ይሄ የሮቤ እጅ ነው፤ በእንቅልፌ ብሰማው አልስተውም!"

ሮበሌ ከኋላዋ ቆሞ ሰማት። ዞር እንዳትል ብቻ እግዜርን ለመነ።

ዞር አለች።